የሚስተር ጎሽ ጉጉት

ደሴ፣ ሆጤ ዳገት ላይ፣ ከወፍጮው ጎን ቤት
ህንዱ መምህራችን ሚስተር ጎሽ ሲኖሩ
ትክክል ስንሠራ «ጎሽ!» አይሉም ነበር፤
በገዛ ስማቸው ማመስገን ሲያፍሩ
«መልካም» ነው የሚሉን፣ አንገት ወዝወዝ አድርገው።

መደርደሪያቸው ላይ፣ ከሻይ ጣሳው ኋላ
አንዲት የእንጨት ጉጉት፤
ሆዷ ቢጫ፣ ክንፏ ቀይ፣ አንገት የሌላት፣
ሐሙስ ማታ ማታ ሩዝ ተበትኖ
ኩራዝ የሚበራላት።

እናቴ ጦይባ ሰማች።
«ጉጉት? ከሰው ቤት? እንደ እንግዳ ተቀምጣ?
እሷ ካለችበት፣ ሬሳ ሳይወጣ
መች ይነጋል?» አለች።
እኔም በማግሥቱ፣ ደብተር ላስረክብ ብዬ፣
በክርኔ (አውቄ ነው)
ጣልኳት።
ክንፏ ተገንጥሎ ውስጧ ታየ፤
ነጭ ነው፤ እንደ ማንም እንጨት።

አልተቆጡም። አባቴ ሙሄ አናጢው ዘንድ ይዘዋት መጡ።
አገላብጦ አያት።
«አስተግፊሩላህ፣ ይቺን ነው የምታመልኩ?»
«እሷን አይደለም። እሷ በቅሎ ናት፤
ላክሽሚ፣ የሀብት እመቤት፣
ሌሊት ስትዞር የምትሄድባት።»
አባቴ ሚስማሩን ከአፉ አውጥቶ ሳቀ፦
«እኛስ አገር ጌታው!
ሀብት እኛም ዘንድ በጉጉት ነው፤
መንገድ ላይ እያደረ ነው እንጂ።»
አልገባቸውም። አንገታቸውን ወዘወዙ።

ከዋንዛ ክንፍ ጠረበላት፤
ከጋራዥ የለመነውን የፊያት ቀይ ቀባት።
ሚስተር ጎሽ ስብራቱን በጣታቸው ፈልገው አጡ፤
ሦስት ዓመት የዋጡት ስም ያኔ አመለጣቸው፦
«ጎሽ!»

የአባቴ እጅ ግን አላረፈም።
ከተረፈው ዋንዛ ሌላ ጠርቦ፣ ከእናቴ ደብቆ
ጎተራው ውስጥ ጣላት።
«ሌላው ቢቀር» አለኝ፣ «አይጥ ትጠብቅልን።»

ስድሳ አምስት መጣ።
ደመናው ከጦሳ ማዶ ዞሮ ሄደ።
ማሽላው አለቀ፣ ቀጥሎ የዘሩ ገብስ።
ሚስተር ጎሽ ጉጉታቸውን በፎጣ ጠቅልለው
ባንድ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈሩ።
አባቴ በዚያ ዓመት
ከቃሬዛ በቀር ሥራ አላገኘም።

እናቴ አንድ ቀን ጎተራ ገባች፣
ከሥሩ የቀረ ፍሬ ካለ ብላ።
አይጥ እንኳ ትቶን ሄዷል።
ስትዳብስ ቆየች፣ ዝም አለች፣
አባቴ ከውጭ «ምን ቀረን?» አላት።

ቀለም ያልነካትን፣ ዓይነ ሰፊዋን
በብብቷ ይዛት ወጣች። ወደ እሳት ትወረውራለች ብዬ
እኔ ትንፋሼን ዋጥሁ።

«ጉጉት» አለች።
«ጉጉት ብቻ ነው የቀረን። እሱን ደግሞ አልጥለውም።»