ናሙና አርባ አንድ

እኔ የሕንፃው ጠባቂ ነኝ፤ ቁልፍና መዶሻ በእጄ፣
ሠላሳ ዓመት በኡሜዮ፣ በረዶ ስጠርግ ከደጄ።
በታኅሣሥ በስምንት ሰዓት ፀሐይ ሥራ ለቅቃ ስትሄድ፣
መብራት አበራለሁ እኔ፣ ጨው እነሰንሳለሁ በመንገድ።
ዶክተር ሊሆን የመጣውን እለየዋለሁ በአረማመድ፤
አንደኛው ዓመት ሩጫ ነው፣ ሦስተኛው እግር መጎተት፣
አምስተኛው ባዶ ካልሲ፣ ሌሊት ከማሽን ማሽን መሄድ።

ዮርዲስን ግን የማውቃት በሣቋ ነው፣
ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ በሚንኳኳው።

ያጠናችው የዛፍ ሽበት፣ ከጥድ ጫፍ የሚንጠለጠል፣
የበረዶ አጋዘን ሲርበው የሚግጠው፣ ያንን ቅጠል
(«ቅጠል አይደለም» ትለኛለች፤ «ሣርም አይደል፣ አትሳሳት፤
ሁለት ፍጡር ነው፣ ተጋብቶ አንድ ጎጆ የገባበት»)።

ፕሮፌሰሯ ቢርየር ደግሞ ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አይወጣው፤
«ግሩም ነው» ይላል አስቀድሞ፤ «ግን» ብሎ ነው የሚቀጣው።
ዮርዲስና ጓደኛዋ ፓሪሳ፣ ከወጥ ቤቱ ምድጃ ጎን፣
ሰሌዳ ሰቅለው ይቆጥራሉ የየሳምንቱን «ግን»።
በጥቅምት መቶኛው ሞላ፤ ቀረፋ ያለው ኬክ ተቆረሰ፤
ቢርየር ድርሻውን ቀምሶ፣ «ይጥማል፣ ግን...» ብሎ ጨረሰ።
«መቼ ነው የምትጨርሺው?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ፣
አሥር ክሮነር ከጠርሙሱ፤ እናቷ ግማሹን ሞሉ።
እኔም አንዴ አምልጦኝ ከፍያለሁ።

ታዲያ በሦስተኛ ዓመቷ፣ የካቲት ላይ፣ በእኩለ ሌሊት፣
ማቀዝቀዣው ቀጥ አለ፣ ያ ሁሉ ልፋት እያለበት።
ደወለችልኝ፤ ፒጃማዬ ላይ ካፖርት ደርቤ ወጣሁ።
«ውጪው ከፍሪጅ ይበርዳል፣ ምን ያስለቅስሻል?» አልኳት፤
ዕንባዋ ሽፋሽፍቷ ላይ በረዶ ሆኖ፣ ሣቅ ያዛት።
ስልሳ ሣጥን ስታቀብል፣ ከሕንፃው ጀርባ ደረደርኩ፤
«ክዳን ክዳኑን አጥብቅ» አለች። «እሺ» ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ሲነጋ ከበረዶው ላይ የጥንቸል ዱካ፦ አራት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፤
አርባ አንደኛው ሣጥን ባዶ፤ ጆሮ ረጅሟ በልታ ጥግብ!
ክዳኑን ማን እንደተወው እኔ አልተናገርኩ፣ እሷም አልጠየቀች።

በአራተኛ ዓመቷ፣ አንድ ማለዳ፣ ከአሳንሰሩ መስታወት ፊት፣
ከጆሮዋ በላይ ጎትታ አሳየችኝ አንዲት ሽበት፦
«ናሙና ስልሳ አንድ» አለች፤
ነቅላ፣ ቀን ጽፋባት፣ በፖስታ ከተተች።

እዚህ አገር ደንብ አለ፦ መጽሐፉ ታትሞ ሲያልቅ፣
ከክርክሩ ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያውቅ፣
በምስማር ይመታል፣ ከአዳራሹ በር ጎን ካለው ሳንቃ።
ስንቱ ሊቅ የገዛ አውራ ጣቱን ጨፈለቀ በእኔ ዕቃ!
ዮርዲስ ግን በሁለት ምት ጨረሰች።
ከዚያ ሌላ ቅጂ ገልጣ፣ የምስጋናውን ገጽ አነበበች፤
እንግሊዝኛው እንዳይጠፋኝ፣ ወደ ስዊድንኛ እየመለሰች፦
«ለእናቴ፤ ለቢርየር፣ ያለ ምንም ግን፤ ለፓሪሳ፤
መዶሻ ለሚያውሰኝ ሰው፣ ክዳን ግን ለሚረሳ።»

ጆሮዬ ጋለ። ታውቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር፣
ከቀረፋ ዳቦዋ ስትቆርስልኝ፣ ሳትነካካኝ በነገር።

በክርክሩ ቀን ከትሮምሶ የመጣችው ጠያቂ፣ ኦድሩን፣
መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ በጣቷ ወረደች ሰንጠረዡን፦
«ከአርባ ወደ አርባ ሁለት ዘለልሽ፤ አርባ አንድ የት ሄደች?»
አዳራሹ ጸጥ። ቢርየር ጣሪያ ያያል። ዮርዲስ ውሃ ጠጣች።
«ጥንቸል በላችብኝ» አለች፤ «የግርጌ ማስታወሻ ሰባት»፤
ወደ ኋላ ወንበር አንዴ አየችኝ፤ ያ ሣቋ አመለጣት።
«የእኔን ቀበሮ ነው የበላብኝ» አለች ኦድሩን፣ ገጹን ገልብጣ፤
ወደ ሌላው ጥያቄ አለፈች።

ማታ ጠርሙሱ ተገለበጠ፤ ለሦስት ኬክ በቃ ገንዘቡ።
ሰኞ ደግሞ አዲስ ልጅ መጣ፤ ኮሪደሩ ላይ ይሮጣል።

በየበጋው ከሳንቃው ላይ የምስማር ቀዳዳ እደፍናለሁ።
ዘንድሮ እየቆጠርኩ ስደፍን፣
ከአርባ ወደ አርባ ሁለት አለፍኩ።