ምልዓተ ጉባኤ

ሹዋይኽ፣ ወደቡ ጥግ፣ ባሕር ጨዉን ጥሎ በሚያልፍበት ቤት
የሌሊት ፈረቃ ነኝ። ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ፣ መስማት።

ከፀጉር የቀጠነ ወንፊት አለን፣ ባሕሩ ውሃ ሆኖ እንዲወጣ፤
ሳምንት አይሞላውም፣ ልጋግ ይለብሳል፤ ከየት መጣ ሳይባል የመጣ።

ልጋጉ የብዙ ነው። ተሐዋሲ ብቻዋን ምን አቅም አላት?
ማን አለ? ትላለች፣ በጠረን፣ በጠብታ፣ ወደ ጎረቤት።
መልስ ካጣች በልታ ታድራለች፣ ያሰበችውን ዋጥ አድርጋ፤
መልሱ ሲደራረብ ግን፣ ቃል በቃል ላይ ሲጠጋ፣
ጉባኤው ሞላ ተብሎ ያኔ ይጀመራል ግንባታው፤
ድር ሲያብር፣ እዚህ አገር፣ አንበሳ አይደለም፣ ውሃ ነው የሚያስረው።

ይህን ሹክሹክታ በዓይን ለማየት አንድ ዘር እናረባለን፣
ስትበዛ ብቻ የምትናገር፣ ስትናገር ወይን ጠጅ የምትሆን።
ከዘሯ ደግሞ ዲዳ አለች፤ የመጣሪያ ቃሏን ቆርጠው ያወጡባት፤
ራሷ አትጣራም፤ ሌላ ሲጣራ ግን ትሰማለች፣ ቀለም ያጥለቀልቃታል ድንገት።
"እኅትሽ" ትላታለች ቢንሲ፣ የኬረላዋ፣ ሳህኑን ስታቀብለኝ፤
ስቄ ተቀበልኩ። ቀልዱ ግን መኝታዬ ድረስ ተከተለኝ።

ዶክተር ዳላል ከሱለይቢኻት ጭቃ የለቀመችውን የባሕር ሣር
ፈጭተን፣ ጨምቀን፣ ክብ ወረቀት ነክረንበት ከሳህኑ መሐል ያድር።
ሲነጋ ሳህኑ ሁሉ ወይን ጠጅ። ወረቀቱን የከበበው ግን ነጣ።
"ገደልናቸው!" አልኩ በመጀመሪያው ቀን፤ ስሮጥ፣ ጓንቴ እንኳ ሳይወጣ።

ዶክተር ዳላል አልሳቀችም። ሳህኑን ወደ መብራቱ አንስታ
"ሞት መስተዋት ነው፣ ማዶውን ያሳያል። ይህ ግን ጉም ነው" አለች በዝግታ።
"አሉ። ይበላሉ። ይባዛሉ።
መደማመጥ ተወሰደባቸው እንጂ፣ አንድም ሳይጎድል አሉ።"

ማስመሪያዬን አጋደምኩ። አሥራ ሰባት ሚሊ ሜትር። ጻፍኩ።
ከዚያ ቧንቧ ከፍቼ፣ እጄን ሳልታጠብ፣ ቆምኩ።

ጃብሪያ። ሦስት ዓመት ከአራት ወር። ስልኬ መሳቢያ ውስጥ፣
ቁልፉ በእመቤቲቱ አንገት፤ ስትጠራኝ ግን በለስላሳ ድምፅ።
በላሁ። ተኛሁ። ደመወዜ በወሩ። ማንም እጁን አላነሳብኝም፤
ለክስ የሚሆን ቁስል ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁም።

ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ነው ከማዶ ሕንፃ ያየኋት፤
ቀይ ፎጣ ሁለቴ አራገፈች። እኔም ሁለቴ፣ በአንሶላ፣ መለስኩላት።
ስሟን አላውቅም። በሦስተኛው ወር በየጣሪያው አራት ሆንን፣
በአምስተኛው ሰባት፤ የትኛዋ ታማለች፣ የትኛዋ ሄዳለች፣ ከፎጣ እናነባለን።
ስምንተኛዋ ልትጨመር ነበር፤
ያን ሰሞን ማድረቂያ ማሽን ተገዛ። ደጎች ናቸው፤ የጣሪያው ፀሐይ፣ ድካሜ፣ አሳዝኗቸው ነበር።

አሁን የምለካውን አውቀዋለሁ። በየሳህኑ የጉሙን ወርድ፣
ቀለሙን በአልኮል አጥቤ፣ ማሽኑ የጎደለውን ድምፅ በቁጥር እስኪፈርድ።
እነሱ ካላፉ ከተማው አይጠጣም፤ ሐምሌ እዚህ ሃምሳ ዲግሪ ነው፤
እኔም ከዚያው ውሃ ነው የምጠጣው።

ሳህኑ ሁሉ ሲያልቅ አንድ ይቀራል፣ ምንም ያልተጨመረበት፣
ለማነጻጸሪያ የተተወ፣ ዳር እስከ ዳር ወይን ጠጅ የሞላበት።
ወደ ማምከኛው ከመግባቱ በፊት ትንሽ አቆየዋለሁ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፤
ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል፣ እለዋለሁ፣ በአማርኛ፣ ዝግ ብዬ።

ዛሬ ሲነጋ ነጭ ጋውኔን አውልቄ ሁለቴ አራገፍኩት።
ከመስተዋቱ ማዶ ቢንሲ ሥራዋን አቆመች፤ አቧራ መስሏት
በእጇ "ምን ሆነ?" አለችኝ።
ከዚያ፣ ጨዋታ ነው ብላ መሰለኝ፣
የራሷን አራገፈች። አንዴ።