የሞተሩ ቁጥር

ከሪዮኒ ወንዝ ማዶ፣ ቆርቆሮው የሚያፈስ አንድ ጋራዥ አለኝ፤
ክራንክ ሻፍት ስለምላጭ፣ ኩታይሲ በሙሉ «ምላጩ» ነው የሚለኝ።

በኅዳር ዝናብ ላይ፣ በገመድ ተስቦ፣
የዶዶ ቮልጋ መጣ፣ ጭቃ ተከናንቦ።
ነጭ ነበር ድሮ፣ አምቡላንስ ነበረ፣
በዶዶ እጅ ታስሮ ስንቱ ቁስል ሻረ።
ነርስ ነበረች፤ ከኋላ ተቀምጣ
ስንቱን ነፍስ ይዛለች ካፍንጫ እንዳትወጣ።
ሾፌሩ ቫሊኮ። ኋላም ባሏ ሆነ፤
መኪናው በሐራጅ ሲሸጥ ገዛው፣ ጎረቤት እየለመነ።
አሁን ቫሊኮ የለም። ከሌላ መኪና ነቅሎ የሰካት
የኒኬል አጋዘን ብቻ ኮፈኑ ጫፍ አለች፣
ለመዝለል ተነሥታ፣ ሳትዘል ያረጀች።

ካንዴላውን ፈታሁ፤ ጥላሸት ነው፣ በዘይት የራሰ።
«ዘይት ይበላል» አልኳት።
«እኔም ኪኒን እበላለሁ፤ ታዲያ ማን ከሰሰ?»

የእኅቷ ልጅ ጎቻ፣ ከፖቲ ወደብ ላይ፣ ስልክ ደውሎ ጮኸ፦
«የጃፓን ሞተር አለ፣ ከነካምቢዮው! አክስቴ፣
ቁልፍ ታዞሪያለሽ፣ ድምፁም አይሰማም፤
ማኖቬላ ብሎ ነገር የለም፣ መዳፍ አያደማም!»

እውነቱን ነው። እኔም ሒሳቡን ስሠራው፣
ዘንጉ ሦስቴ ተላጭቷል፤ አንድ መላጨት ነው የቀረው።
ለፒስተን፣ ለብሮንዚና መንደር ለመንደር መዞር፣
ለጓርኒሲዮን ደግሞ የማያውቁትን ሰው ማስቸገር፣
የአራት ወር ጡረታ፣ ምናልባት የአምስት።
የጃፓኑ ይረክሳል። ይህንንም አልደበቅኳት።

ጓንቷን አወለቀች። መዳፏን ብሎኩ ላይ አኖረች፣
ትኩሳት እንደምትለካ።
«አውርደው» አለችኝ፤ «ከፍተው ሳያዩት
በሽተኛ መቃብር አይላክም ለካ?
አርባ ዓመት የሠራሁት ለዚህ ነው?»

አወረድኩት። ቴስታታው ተነሣ፣ ፒስተኖቹ ወጡ፤
ሲሊንደሮቹ እንደ ሽማግሌ ድድ ተቦርቡረው ታዩ።
በአራተኛው ቀን ብሎኩን በናፍጣ ሳጥብ፣
ከሠላሳ ዓመት ጭቃ ሥር ቁጥሩ ብቅ አለ። ሊብሬው ላይ ያለውን ሳነብ፣
አይመሳሰልም።
መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁት።
አይመሳሰልም። የቮልጋ አይደለም ይኼ፤ የወታደር ጂፕ ሞተር ነው፤
መልኩ የወንድሙ፣ ቁጥሩ የባዳ ነው።

ብደብቃት ይሻል ነበር? አንድ ሌሊት አሰብኩበት።
ጠዋት ግን ራሷ መጣች፣ በፌስታል ዳቦ ይዛ፤
ጣቴን ቁጥሩ ላይ አደረግኩና ዝም አልኩ።

አነበበች። ሊብሬውን አነበበች። ሣጥን ላይ ተቀመጠች።
«በዚያ ክረምት» አለች፣ «መብራት በጠፋበት፣
ለአንድ ዳቦ ሌሊት ሰልፍ በሚታደርበት፣
ሦስት ቀን ጠፍቶብኝ፣ ማታ ሞተሩን እያስነሣ መጣ፤
‹ካርቡራተር ነው› አለኝ፤ ‹ጠረግኩት፣ ቆሻሻው ወጣ።›
ጣቱ ባዶ ነበር። ‹መንገድ ላይ ዘራፊዎች
ቀለበቴን ወሰዱት› ብሎኝ...»
እዚህ ላይ አቆመች።

የራሷን ቀለበት አንድ ጊዜ አዞረች። ኋላ፣ ቀስ ብላ፦
«ባድሪ፣ እዚህ ሞተር ውስጥ ቀለበት አለ?»
«አለ» አልኳት፤ «በየፒስተኑ ላይ ሦስት ሦስት ተሰክቶ።
ግን አልቋል፤ ለዚህ ነው ዘይቱን የሚበላው፣ የሚያጨሰው ከፍቶ።»

ሳቀች፤ ሳል እስኪያፍናት፣ እንባዋ እስኪወርድ።
«እኔ ለጎረቤት ‹ከፋብሪካ እንደወጣ ነው› እያልኩ ስኩራራ፣
እሱ አፍንጫዬ ሥር ይኼን ጉድ ሠራ!
ለጎቻ ደውልለት፤ ለሌላ ሰው ይሽጠው።
ያንተ ሥራ ይኼ ነው፦ ውሸታሙን አድሰው።»

«ዶዶ» አልኳት፣ «ዘንጉ አንድ መላጨት ነው የቀረው፤
ከዚያ ወዲያ የለም።»
ዳቦውን ቆርሳ፣ ግማሹን ሰጠችኝ።
«ከእኔም ወዲያ የሚነዳው የለም፤
ላጨው።»