እጥፋት

ነሐሴ ነው፤ ክረምት፤ ቫልፓራይሶ ላይ
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል ከላይ፤
ሳህኑ ተነሥቶ፣ ጠረጴዛው ጠርቶ፣
አንድ ነጭ ካርቶን አለ ተዘርግቶ፣
ከኤሊሴዎ ሱቅ በዱቤ የወጣ፣
ወፍራም፣ እንደ ሸራ፣ ቢላ ያላጣ።

ያስተማረችኝ ማይቴ ናት፣ የጎረቤቴ ልጅ፤
አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ሙጫ የለበሰ እጅ።
"ኦርቴንሲያ፣ ቀስ በይ" አለችኝ ተቆጥታ፣
"መቁረጡ አይደለም፣ ማጠፉ ነው ጌታ።
ወደ ውጭ የወጣው ተራራ ይባላል፣
ወደ ውስጥ የገባው ሸለቆ ይሆናል፤
ተራራ ከሸለቆው ልኩ ካልተስማማ
ቤትሽ አይቆምም፤ ይሄን ነገር ስሚማ!"

ሰማሁ።
ግን እኔ ማጠፍን ድሮ ነው የማውቀው፤
ያኔ ያጠፍኩት ወረቀት አይደለም፣ ቃል ነው።

ቤት ነበረን ከላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ድረስ፣
በገመድ በሚሳብ ሣጥን የሚደረስ፤
አባቴ ከወደብ በጣሳ ያመጣው
ከመርከብ የተረፈ ቢጫ ቀለም የጠጣው፣
መርከበኛ ሁሉ ከሩቅ ለይቶ የሚያወጣው።

"አንሸጠውም" አልን፣ እኔና አንሰልሞ፣
የእናታችን ትንፋሽ ሊቆም ሲል አዝግሞ።
እሱ በመርከብ ሄደ፣ ወደ ፑንታ አሬናስ፤
እኔ ቀረሁ፤ ጣሪያው ሲያፈስ፣ ዕዳው ሲመላለስ።
ሸጥኩት።
በሐምሌ። ለጥርስ ሐኪም። በሁለት ፊርማ።
ለእሱ ሳልጽፍለት፣ ከማንም ሳይሰማ።

ሲመለስ ወጣ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣
በመስኮቱ የሌላ ሰው መጋረጃ ተሰቅሎ።
"ቃልሽን አጠፍሽ" አለኝ። ሌላ አልተናገረም።
ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ አንድ ቀን አልደወለም።

ዛሬ ሌሊት እኔ ማስመሪያዬን ይዤ
ያንኑ ቤት ልሠራ፣ ተቀምጬ ተክዤ፣
በማንኪያ እጀታ መስመሩን ስጫነው
ካርቶኑ ይናገራል፤ ትንሽ ድምፅ አለው፣
ቋ! የሚል፣ እንደኔው፣ ያረጀ ጉልበት።
የመጀመሪያው ቤት ተቀደደ ስከፍት።
ሁለተኛው ቆመ፤ ግን አልዘጋ አለኝ፣
ጣሪያው ከጠርዝ አልፎ ምላስ አወጣብኝ።
"ሙጫ አብዝተሻል" አለች ማይቴ አይታ፣
"ሁሉን ካጣበቅሽው ከየት ይምጣ ቦታ?
መታጠፍ የማይችል መቆምም አይችልም።"
ልጅ ናት። ስለ ካርቶን ነው። ስለ እኔ አልነበረም።

ሦስተኛውን አልናገርም።

አራተኛው ግን፣ ንጋቱ ሲቃረብ፣
ገጹን ብገልጠው፣ ሳልነካው፣ ሳልስብ፣
ከተኛበት ቀና፤
ደረጃው ወረደ፣ በረንዳው ወጣና
ቆመ።

ሰባት ጊዜ ከፈትኩ፣ ሰባት ጊዜ ዘጋሁ፤
እንደ ሌባ ሆኜ የራሴን በር ነካሁ።
መጋረጃ የለውም፤ መስኮቱ ባዶ ነው፤
በሩን ግን ገርበብ አርጎ ነው ቢላዬ የተወው።

መጻፍም ፈለግሁ። "ይቅር…" ብዬ ጀመርኩ፤
እርሳሱን ቀረጽኩት፤ እንደገና ቀረጽኩ።
ቃል ካጠፈ እጅ ላይ ማን ቃል ይቀበላል?
ወረቀት ነው እንጂ ታጥፎ የሚነሣ፤ እሱ ይሻላል።

ፖስታ ቤት ሰውየው ሚዛን ላይ አኖረው፤
"ምን አለበት?" ቢለኝ፣ "ቤት" አልኩት፤ ገረመው።
"ጠፍጣፋ ነው?"
"እስኪከፈት፣ አዎ።"
ማኅተሙን መታና ከረጢት ውስጥ ጣለው።

ወደ ላይ ስመለስ፣ በዝናቡ መሐል፣
የሹራቤ እጅጌ ላይ አንድ ነገር ተጣብቋል፦
ጥፍር የማታህል ነጭ ቁራጭ ወረቀት፤
የጭስ ማውጫው ናት፣ ከጣሪያው የቀረች፣ ሳልለጥፍበት።

ሳቄ መጣ፣ እዚያው፣ ደረጃው ላይ ቆሜ።
አንሰልሞን አውቀዋለሁ፣ ከልጅነት ዕድሜ፦
ሰላምታን ያልፈዋል፣ ይቅርታን ይተዋል፤
ጥፋት ካየ ግን ዝም ማለት የት ያውቃል?
ጭስ ማውጫ የሌለው ቤት አይቶ አይታገሥም፤
ብዕር ያነሣል፣ ሊወቅሰኝ ቢሆንም።

ረስቼ ነው፣ በእውነት። ግን መማል አልችልም።
ለማንኛውም አለች፤
ኪሴ ውስጥ ናት፤ አልታጠፈችም።