ጭረት

የኮፒ ማሽኔ መስታወት ላይ አንዲት ጭረት አለች፣
በስተግራ ወርዳ፣ ግርጌው ላይ ስትደርስ ትንሽ ትጣመማለች።
የልደት ካርድ ይሁን፣ የእድር ደንብ፣ የቤት ካርታ፣
በእኔ እጅ ያለፈ ሁሉ ያቺን ጥቁር ክር ይዞ ነው የሚወጣ።
ደንበኛ ይቆጣል፤ «ይህን መስመር አጥፋው» ይላል፤
«መስታወቱ ከአዲስ አበባ ይመጣል» እላለሁ፤ ዓመት ያልፋል።

ያን ዕለት የጦሳ ጉም እስከ ደጃፌ ተንዶ፣
አራጋው መጣ ከመዝገብ ቤት፣ በዚያ ብርድ ላቡ ወርዶ።
«አንድ ቅጂ ብቻ» አለኝ። ከላይ «ጥብቅ ምስጢር» ይላል፤
ከሥር ክብ ማኅተም፣ መሐሉ ላይ ቀለሙ ፈስሷል።
ሥራዬ መገልበጥ እንጂ ማንበብ አልነበረም፤
ግን ስም አንዴ ዓይን ውስጥ ከገባ አይወጣም።
አርባ ሰባት ገጽ፤ ስም፣ ቀበሌ፣ የወደቁበት ቀን፤
በመጨረሻው ዓምድ፦ «ለቤተሰብ አይገለጽ፣ ትእዛዝ እስኪደርሰን»።

ሃያ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ይመር ሙሄ። የሉባባ።
ብስክሌቴን ተውሶ ሐረጎን ያለ ፍሬን ወርዶ፣
በአይሱዙ ተጭኖ፣ እየሳቀ ቤት የገባ።

ባለፈው ሳምንት ያነበብኩላት ደብዳቤም ማኅተሙ ይኸው ነው፣
ቀለሙ መሐሉ ላይ የፈሰሰ፤ «ልጅዎ ግዳጅ ላይ ነው፣ ደኅና ነው»።
ቀኖቹን አስተያየኋቸው።
ደብዳቤው ሲጻፍ፣ ይመር ከሞተ ዐሥራ አንድ ቀኑ።

አራጋው አንድ ቅጂ ይዞ ሄደ።
ማሽኑ ግን ሁለት አወጣ።
ቁጥሩን የነካችውን ጣት አልጠየቅኳትም፤
እሷም እስከ ዛሬ አልተናገረች።

ከዚያ ወረቀቱ እግር አወጣ፤ ሰኞ ገበያ በበርበሬ መጠቅለያ፣
በኮምቦልቻ ፋብሪካ ሰርቪስ ውስጥ፣ በወንበር መደገፊያ፣
ከሶላት መልስ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከኪስ ወደ ኪስ ሲሸጋገር፣
የሁሉም ግራ ጠርዝ ላይ ያቺ ጥቁር ክር።

በሦስተኛው ቀን ከተማው ድንኳን አለቀበት፤
የጭነት መኪና ሸራ ተለምኖ ተተከለ፣ አንዱ ለአራት ቤት።
ባለ ድምፅ ማጉያው መኪና ወጣ፦ «የጠላት ወሬ ነው፣ ሐሰት!»
ሰው አልጮኸም፣ ድንጋይ አላነሣም። ዝም ብሎ መንገድ ለቀቀለት።

ከዚያ ወዲህ «ነገ ውኃ ይለቀቃል» ሲሉ፣ ጀሪካን ይዛ የምትሰለፍ ጠፋች፤
«የኩፍኝ ክትባት ነው» ሲሉ፣ እናት ሕፃኗን ወደ ጓዳ ገፋች።
«ቦርከና ሞልቷል፣ ከዳር ራቁ» ያሉ ጊዜ፣ ያኛው እውነት ነበር፤
ሰዉ ሳቀ። ጎርፉ ሁለት ላምና አንድ ሰው ይዞ ወረደ፣ ሳይናገር።
ያ ሰው የማን ዕዳ ነው? የዋሸው? ወይስ ውሸቱን የገለጠው?
ሌሊት ሌሊት እሱን እጽፈዋለሁ፤
አርባ ስምንተኛ ገጽ፣ አንድ ስም ብቻ ያለው።

አራጋው ከዚያ ወዲያ አልታየም።
አንድ ፖሊስ መጣ፤ መታወቂያውን አስገለበጠ፣ ጭረቷን ብዙ አያት።
«ወንድሜ ገጽ ሰባት ላይ ነው» አለ።
ሂሳቡን ከፍሎ ሄደ።

ከዚያ ሉባባ መጣች፤ ሁለቱንም ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘረጋች።
ማንበብ አትችልም። ባለማኅተሙን በክርኗ ገፋ አደረገች።
በሌላው ግራ ጠርዝ፣ ጣቷን ከጭረቷ ጋር ቁልቁል ወሰደች፤
ሐረጎን እንደሚወርድ ሰው፣ ቀስ ብላ፤ መታጠፊያው ላይ ቆመች።
«ይቺን መስመር አውቃታለሁ» አለች፤
«የይመር የትምህርት ማስረጃ ላይም ነበረች።»
ቀና ብላ አየችኝ።
«ያኛውን ጮክ ብለህ አነበብክልኝ። ይህን ለምን በሰው እጅ?»

መስታወቱ በመጨረሻ መጥቷል፤ ካርቶኑ አልተከፈተም።
ደንበኞቼ ወረቀታቸውን ተቀብለው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሡታል፤
መስመሯ መኖሯን ያያሉ።
ከዚያ በኋላ ነው የሚከፍሉት።