የቁርጭምጭሚት ቃል

ቃልህን ስጥ ካላችሁ፣ ዳኞች፣ ይኸው ቃሌ፤
አልዋሽም፤ ምን ልደብቅ? ምስክር ነው አካሌ።

ኬልቫ በምትባል መርከብ፣ ብረት በምትጭን፣
ከቴምባል ቀለበት ማዶ ስንቀዝፍ ስድስታችን፣
ከፍርስራሹ መሀል አንድ ደን ታየን።
ደን፣ አየር በሌለበት! ደን፣ ፀሐይ በራቀበት፣
ሥሩ አፈር ሳይጨብጥ ጨለማን የቆነጠጠበት።

ካፒቴን ኦርሜት ሳቀና አለ፦ "ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ
አንዲት ባልቴት ብቻ ናት፣ ጨው ስታይ የምትሸሽ።"
ጣሳውን እኔ ያዝኩ፤ ሃያ ሊትር መርዝ፣
ከደሞዛችን የሚታሰብ፣ በማኅተም የሚያዝ።

ኦሽራ አልሸሸችም።
የነዳጅ በርሜል ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን፣
ጣቷ ላይ ችግኝ በቅሏል፤ በሱ እየጠቆመችን
እንደ ድግስ ታዳሚ በየተራ አስቀመጠችን።
"እንግዳ ማን እንደሆነ ለባለቤት ይናገር፤
የዘር ሐረጋችሁን ቁጠሩ፤ ከፊተኛው እንጀምር።"

ኦርሜት ደረቱን ነፋ። የባለ ጣቢያ ልጅ ነው፣
ስሙ መርከቡ አፍንጫ ላይ በወርቅ የተጻፈው።
"ኦርሜት ቫሎ!" ከወለሉ ስንጥቅ ሐረግ ብቅ አለ፤
"ሲርኬን" ሲል ጉልበቱን ዞረ፤ "ድራሞስ" ሲል ወገቡ ላይ ዋለ።
"ኤልቱር" ሲል ደረቱን። እሱ ግን አላየም፤
ቅድመ አያት የሚቆጥር ሰው ወደ ታች አያይም።
ዘጠነኛው አያቱ ጉሮሮው ላይ ደረሰ፤
ስሙን ሳይጨርሰው ቅጠል ከአፉ ፈሰሰ።

ሌሎቹም ቆጠሩ። ምን ያድርጉ? ቢያቆሙስ?
አንዴ የተጠራ አባት ልጁን ሳይዝ አይመለስ።
ፔልዳ እስከ አምስት፣ ሁለቱ መንትዮች እስከ ስድስት፤
ወጥ ሠሪው ጉርናክ እንኳ አንዲት የተረሳች አክስት
አስታውሶ ጨመረ።
አምስት ዛፍ ቆመ። ቅርፊታቸው ሞቃት ነበር፤ ነክቼዋለሁ።

ተራው የኔ ሆነ።
እኔ ከጭነት በር ሥር ተጥዬ የተገኘሁ ነኝ፣
በመዝገብ ዘጠኝ መቶ አራት፤ አባት ብሎ ነገር የለኝ።
መጠቅለያዬ ላይ አንድ ቃል ተሰፍቶ ነበር፦ ቲሬ።
የእናቴ ስም ይሁን የጨርቅ ፋብሪካው፣ አላጣራሁም እስከ ዛሬ።
"ቲሬ" አልኩ። ሌላ አጣሁ።
ሐረጉ ቁርጭምጭሚቴን አንዴ ዞረና ቆመ፤
ወደ ላይ መውጫ አጥቶ እንደ ዕውር ዳሰሰ፣ ደከመ።

የኦሽራ ፊት ተለወጠ። "ግንድ የሌለው!" አለች፤
ስድብ ይሁን ምርቃት አልለየሁም፤ ግን ወደ ኋላ አለች።

ጣሳውን ከፈትኩ። ማኅተሙን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ጻፉት።
ከሥሯ ላይ አዘንብዬ ልደፋ ስል ግን ቱቦውን አየሁት፤
ከዛፎቹ እግር ተነሥቶ፣ በበረዶው ውስጥ አልፎ፣
ወደ ከተማችን ይመጣል፣ የእናንተው ማኅተም ተለጥፎ።

አየር ፋብሪካው ከቆመ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤
ሕዝቡ ግን ይተነፍሳል። በየወሩም ይከፍላል።
ማን እየተነፈሰለት እንደሆነ ማን ጠይቋል?

ክፉ ናት፤ አልካድኩም። ኦርሜት ዛሬም ቅጠል ያወጣል፤
ነፋስ በሌለበት እየተወዛወዘ ዘጠኝ ስም ይጠራል።
የጉርናክ ሚስት በየማለዳው በሬ ላይ ትቆማለች፤
ምን ልበላት? በመስኮቷ የሚገባውን እየሳበች ታለቅሳለች።

ጣሳው ይኸው፣ ጠረጴዛችሁ ላይ፤ ሃያ ሊትር፣ ሙሉ።
ደፊ ከተገኘ መንገድ እመራለሁ፤
ብቻ ትንፋሽ አከማቹ፤ ነገ አጠረን እንዳትሉ።

እኔማ ማታ ቡቴን ሳወልቅ ቁርጭምጭሚቴን ያሳክከኛል፤
አንዲት ለጋ ቅጠል ወጥታለች፤ ልቆርጣት ስል እጄ ያጥርብኛል።
"ቲሬ" እላታለሁ ቀስ ብዬ። ሌላ ስም እሷም የላት፣ እኔም የለኝ።
የአባቴን ስም መዝገባችሁ ቢያውቅ፣ ዳኞች፣
እባካችሁ አትንገሩኝ።