አንገት ሥር

ቅዳሜ ገበያ፣ ከሸራዬ ጥላ፣
ቦንዳው ሲፈታልኝ ገመዱ ሲላላ፣
ቀለም አላይም፣ ጨርቅ አልደባብስም፤
ስላማረ ብቻ አንስቼ አልለብስም፤
አንገቱን ገልብጬ፣ ስፌቱን ፈልጌ፣
ማርካውን አነባለሁ መነጽር አድርጌ።
«ስንሻው ዳዊቱን ገለጠ» ይሉኛል
ጫማ ሻጮቹ እነ አዝመራው፤ ያስቁኛል።
የፖሊ ተማሪዎች «ቪንቴጅ አለ?» እያሉ ሲመጡ፣
ዘመኑን እነግራቸዋለሁ፤ ዘመን ሰምተው ነው ብር የሚያወጡ።

ምዕራብ ጀርመን ይላል? ያች አገር የለችም፤
ኮቷ ግን ይቺውና፣ አብራት አልሞተችም።
ዩጎዝላቪያ የሚል አንድ ሹራብ አለኝ፤
አገሩ ተተርትሮ አለቀ፤ እሱ አንድ ክር አልተመዘዘብኝ።
የገንዳና የካውያ ሥዕል ከተደረደረበት ቅርብ ነው፣ ልጅ ነው፤
ድሮማ አጣቢዋ ታውቃለች፤ ሥዕሉን ማን ሊያየው?
የዚፑ ጥርስ ነሐስ ከሆነ ሽማግሌ ነው፣ ተነሱለት፤
ፕላስቲክ ከሆነ የኔ ቢጤ ነው፣ ዋጋ ቀንሱለት።
የታተመ ፊደል በሦስት እጥበት ስሙን ይረሳል፤
በክር የተሸመነው ግን ጨርቁ አልቆም ይወቅሳል።

የባሕር ማዶውን ማንም ሰው ይማራል፤
የኛ ሰፊ ማርካ ግን መንግሥት ያስቆጥራል።
ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ካለ፣ ጃንሆይ አሉ፤
ክፍለ ሀገር ካለ፣ ባለ ከስክሶች መጥተዋል በሉ፤
ክልል ሦስት ካለ ደግሞ ያቺ አጭር ሰሞን ናት፣
አገር በቁጥር ስትጠራ፣ የሰፊ እጅ ሳይለምዳት።

ባለፈው ሚያዝያ፣ የጣና ነፋስ ደንገል ደንገል ሲሸት፣
ኮት በፌስታል ይዛ መጣች ጥሩዓለም፣ ከሽምብጥ፣ ወደ ምሽት።
ሃምሳ ይሆናታል። የእናቷ አርባ ገና አልወጣም፤
ነጠላዋን ዘቅዝቃለች፤ ዋጋ ልትከራከር አልመጣችም።
«የአባቴ ነው» አለች። «በሰባ፣ በጥቅምት፣ በሌሊት ሲጠሩት፣
እናቴ ‹ብርድ ነው፣ ልበሰው› ብትለው፣ ‹አሁን እመጣ የለም ወይ› አላት።
ኮቱ ከሚስማሩ ላይ ቀረ፤ እኔ ያኔ ሦስት ዓመቴ፤
በሰማንያ ስድስት፣ የሠርጌ ዋዜማ፣ ከሣጥኗ አወጣችው እናቴ፤
ከሽማግሎቹ ተርታ፣ ወንበር ሰጥታ አስቀመጠችው።
ጨርቅ ታነባለህ አሉኝ። አንብብልኝ።»

ገለበጥሁት። ማርካው አለ፤ ግን በፊቱ ተደፍቷል፣
ጽሑፉ ወደ ገበሩ ዞሮ፣ በነጭ ክር፣ በእጅ ተሰፍቷል።
በምላጭ ሁለት ስፌት ተረተርሁ፤ በመዳፌ ከለልሁ፤
«ልብስ ሰፊ ታክሎ፣ ባሕር ዳር፣ ክልል ፫» — በሆዴ አነበብሁ።
ክርኑ አልተላጠም። አንገቱ ላብ አያውቅም።
ግራ ትከሻው ግን ዝቅ ተደርጎ ነው የተቀደደው፤ ይህ በስሕተት አይሆንም።
«አባትሽ» አልኋት «ግራ ትከሻው ዘንበል ይል ነበር?»
አፏን ያዘች። «ፋብሪካ ጥጥ ሲጭን የተሰበረች ናት!
ከእናቴ ሌላ ማን ያስታውሳል ይህን ነገር!»

ታክሎ ይህን ሰው አላየው፤ ታዲያ ማን ቆሞ ተለካ?
«እዚህ ድረስ፤ እዚህ ላይ ዝቅ» ስትል፣ በባዶ አየር ላይ፣ እሷው ናት ለካ።

«ዘመኑስ?» አለችኝ።

መነጽሬን አወለቅሁ። «የድሮ ነው» አልኋት፤ «ከሰባ በፊት የተሰፋ።»
አዝመራው ከጫማዎቹ ቀና ብሎ አየኝ።
ሁለት ስፌት ፈትቼ ነበር፤ ሁለቱን፣ በነጭ ክር፣
በእናቷው ቀዳዳ መለስሁ፣ ማርካው እንደተደፋ።